ብቻ

መጋቢት ነው፤ ዊኒፔግ በረዶዋን አልጣለችም ገና፤
ራዲዮኑ በማለዳ፣ በተለሳለሰ ቃና፣
«አትስጉ» አለ፤ «አይዟችሁ፤
ይህ ደዌ አዛውንቶችን ብቻ ነው የሚወስድባችሁ።»

ማንኪያዬ አጃው ውስጥ ቆመ።
ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ልቤ ለብቻው ተገረመ፦
ይህ «እናንተ» የሚባለው ማን ነው? እኔስ የት ነኝ?
ከሚወስድባቸው ወይስ ከሚወሰዱት መደበኝ?

ያቺን «ብቻ» ደግሞ፣ ምንጣፍ ውስጥ እንደጠፋች መርፌ፣
በባዶ እግሬ አገኘኋት፣ እኔ ትርፌ።
አባቴ ሦስት ልጅ ቀብሮ፣ ስተርፍለት ነው እንዲያ ያለኝ፤
እዚህ ግን ስሜን ሲተረጉሙት፣ ትርፍ ሰው ያሉኝ መሰለኝ።

ካፖርት ፋብሪካ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ግራ እጅጌ ሰፋሁ፤
ቀኙ የኮራሶን ነበር። ሙሉ ካፖርት ሳላይ ጡረታ ወጣሁ።
ከመስኮቴ ሥር፣ ፖርቴጅ ላይ፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሁሉ፣
ግራ ክንዱ ከሞቀው፣ ምናልባት እኔ አለሁበት በሉ።

ሱቁ ደግ ሆኖ ለእኛ አንድ ሰዓት ለይቶ ሰጠን፤
ጎህ ሳይቀድ፣ ጨው ሳይበተን፣ መስተዋት በሆነ መንገድ ተንፏቀን
እንድንሰለፍ።
ከሰዓት ብቅ ያልኩ ለታ አንድ ጎረምሳ፣ ጋሪውን በመሃላችን እንደ አጥር ተክሎ፣
«ቤትሽ አርፈሽ አትቀመጪም?» አለኝ፣ ገለል ብሎ።

ልጄ ካልጋሪ ነው። እሑድ በስክሪን ይመጣል፤ ግንባሬን ብቻ እያየ፣
«እንዳትወጪ፤ እንዳትከፍቺ፤ እንዳትነኪ» ብሎኝ ተለየ።
ከሰባ አራት ዓመቴ ላይ፣ እየወደደኝ፣ ሳያስበው፣
ሰባውን አንሥቶ አራቱን ነው የተወው።

ስልክም ተደወለ፤ ልጅ እግር ናት፣ ድምፅዋ ማር።
«የማነጋግረው ሰው አለ እቤት?» «አለሁ» አልኳት። «ሌላ ማለቴ ነበር።»
ቅጽ ትሞላለች፦ «መተንፈሻ መሣሪያ ቢያጥር፣
እርስዎ ምን ይመርጣሉ?»
ልክ እንደ ሻይ፦ በስኳር ወይስ ያለ ስኳር።

የጋራ ሳሎናችን ታሸገ። ወንበሮቹ፣ እንደተቀጣ ተማሪ፣
ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቀሩ።
እኔና ጎረቤቴ ኦሬስት ግን፣ የድሮ ባቡር ነጂ፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ፣
ዳማችንን በግድግዳ ቀጠልን፣ እሱም ከቤቱ እኔም ከቤቱ ማዶ።
የሱ የቢራ ቆርኪ፣ የኔ የካፖርት ቁልፍ።
ሦስት ኳኳታ፣ ዝምታ፣ ሁለት ኳኳታ፦ አንዱ ወደፊት ሲያልፍ።
ቢያጭበረብረኝም አላይ፤
ተበላሁ ስለው ግን ይስቃል፤ ሲሚንቶው አያግደውም ሳቁን ከላይ።

አንድ ማታ ተራው ሆኖ አላንኳኳም።
ሁለት። ሦስት።
ቢሮ ደወልኩ። «ቤተሰብ ነዎት?»
«የዳማ ተጋጣሚው ነኝ።»
ይህን የሚል ሳጥን ቅጹ ላይ የለም መሰለኝ፤
መስመሩ ጭጭ አለኝ።

ሐሙስ ንብረቱን በጥቁር ከረጢት አወጡት።
ካፖርቱ ግን ደጁ ላይ ሾልኮ ወድቆ፣ ረስተውት፣
ማንም ሳያየኝ ግራ እጅጌውን ገልብጬ በጣቴ ስፌቱን ዳበስኩት።
የኔ አይደለም።
የሌላ ሰው እጅ ነው። ደህና ሰፊ ግን፤ ብብቱ ጋ ሁለቴ የመለሰ።

ማታ ራዲዮኑ፦ «ዛሬ አንድ ሰው፤ ከሰማንያ በላይ፤ ተጓዳኝ ሕመም የነበረበት።»
ሕመሙን አላውቅም።
ተጓዳኝማ ነበረው፤ ከግድግዳው ወዲህ፣ ቁልፍ ጨብጣ የምትጠብቀው ሴት።

ሰሌዳውን አላነሣሁም። ተራው የሱ ነው።
ቅድም ግድግዳውን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ፤
እንዲያው፣ ብቻ።