ግራ የገባው

ሃያ ሁለት ዓመት፣ አቶቴ ጥግ ላይ፣
የሰው ጎማ ስነፋ፣
አንድ ቀን አልጠየቅኩም
የኔ ነፋስ የት እንደ ጠፋ።

ከመነዳሪውን አወጣለሁ፣ ገንዳው ውስጥ እነክራለሁ፣
አረፋ የሚተፋውን ቀዳዳ በጣቴ እይዛለሁ፣
እፍቃለሁ፣ ማስቲሽ እቀባለሁ፣ እለጥፋለሁ።
ጎማው ይነሳል።
እኔ ግን ሁለት ብሎን አጥብቄ
ሦስተኛው ላይ ትንፋሼ ያንሳል።

"ልግመኛ" ነበር ስሜ።
ልጆች ሆነን ታቦር ስንወጣ፣ እኩሌታው ላይ ስቀር፣
ላሚሶ ወንድሜ ከአናቱ ሆኖ
"ሐይቁን አየነው! አንተ እዚያው እደር!" ይለኝ ነበር።
አባቴም፣ ነፍሱን ይማር፣
አካፋውን ከእጄ ነጥቆ
"ይሄ ልጅ ላቡን ይሰስታል" እንዳለ ሞተ።
ሳያውቅ። ሳላውቅ።

አርባ አንድ ሲሞላኝ ሳሉ እምቢ አለ።
ሪፈራል ላኩኝ፤
የሲኖትራክ ቸርኬ በሚያህል ቀለበት ውስጥ አስተኙኝ።
ወጣቷ ሐኪም ፎቶውን አይታ ዝም አለች፤
ሄዳ ሌላ ሐኪም ጠራች፣ እሱም ሌላ ጠራ፣
ደረቴን ሊያዩ ተሰለፉ
እንደ ሠርግ ቤት፣ በተራ።

"በግራ በኩል ሳንባ የለህም" አለችኝ።
"አልታመመም፣ አልተቆረጠም፣
ስትፈጠርም አልነበረም።
እኔም ያየሁት በመጽሐፍ ብቻ ነው።
ልብህም"፣ ጣቷን በመስታወቱ ላይ እያንሸራተተች፣
"ባዶ ቤት አይቶ ቦታውን ለቀቀ።"

ብዙ ጊዜ ግራ ገብቶኛል በዕድሜዬ፤
ልቤ ራሱ ግራ ገብቶ ግን
ያኔ ገና መስማቴ።

እናቴ በማግስቱ ከይርጋለም መጣች።
ወንበር እንኳ አልያዘችም።
"እሱን ነፍሰ ጡር ሳለሁ እንሰት ተሸክሜያለሁ፤ እሱ ይሆን?"
"አይደለም።"
"ወንዝ ስሻገርም ወድቄ ነበር።"
"አይደለም፣ እማማ። ምንም አላደረጉም።"
አላመነቻትም።
እስከ ዛሬ ትቆጥራለች።

ላሚሶም ደወለ።
"ያኔ፣ ታቦር ላይ..." አለና
ስለ ሲሚንቶ ዋጋ አወራኝ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከመነዳሪ ነከርኩ።
የተቀደደ ይለጠፋል፤
ያልተሠራው ምኑ ይለጠፋል?
ባለ ባጃጁ ጥሩንባውን ያስጮኻል፦
"ፍጠን እንጂ፣ ልግመኛ!"
መፍቻዬን አስቀምጬ ድንጋዬ ላይ አረፍ እላለሁ።
"ቆይ፣ በአንድ ሳንባ ነው የምነፋልህ።"
ቀልድ መስሎት ይስቃል።
እኔም እስቃለሁ፣ አየር እስኪያልቅብኝ።
ልቤ በሰው ቤት፣ ያለ ኪራይ፣ ይመታል።
ሦስተኛው ብሎን ይጠብቃል።