ቃለ ጉባኤ ቁጥር አሥራ ሰባት

ቀን፦ ቅዳሜ። ሰዓት፦ ዘጠኝ ተኩል ገደማ።
ቦታ፦ የወጣት ማእከል፣ ሐዋሳ ከተማ።
የተገኘው ብዛት፦ ሠላሳ አንድ ሰው
(አንዱ፣ በሩ ሥር፣ ዝናብ ያስገባው)።
አጀንዳ፦ ያው ነው።

ጸሐፊው እኔ ነኝ። የተመረጥኩበት
ፊደሌ ስለሚያምር ነው እንጂ በእውቀት
አይደለም። ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ አዳሬ፤
ወረቀት ከእኔ ነው፣ ትናንትም ሆነ ዛሬ።

ያኔ፣ በዚያች ሌሊት፣ ወሬ ከሰው ቀድሞ ሮጦ፣
ባጃጅ ነድዶ ሲያድር፣ ሱቅ ተገልብጦ፣
ማን እንደጀመረው የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ፣
ጎረቤት በጎረቤት ላይ መጋረጃ ዘግቶ፣
ሰንብቶ ሰንብቶ
አንድ ቀን ተሰበሰብን። ስድስት ነበርን።
ሦስታችን ዝም አልን፤ ሦስታችን ተሳደብን።
በሦስተኛው ሳምንት
ከእድሩ ወንበር ተዋስን፤
በቃ፣ ጉባኤ ሆንን።

ዛሬ አንጁሎ ተነሣ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤
«ባጃጄን ያነደዳት እዚሁ አለ» ሲል ወንበር ሁሉ ተሳቀቀ።
«ስሙን አልጠራም፤ እዳዬን ግን እጠራለሁ፤
ለሌለች ባጃጅ፣ ወር በመጣ ቁጥር፣ ባንክ ቤት እሰለፋለሁ።
ቁልፏ ይኸው ኪሴ ነው፤
ምን እንደምከፍትበት እንጃ፤ መጣሉም ከበደኝ፣ እንዲያው።»
ጠረጴዛው ላይ አኖረው።
ትንሽ ቁልፍ ነው፤ ድምፁ ግን አዳራሹን ሞላው።

አቶ ዳንጊሶ ከዘራቸውን አጋደሙ፣
ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደሚያዳምጥ ሰው፣ ቆሙ፤
«አፊኒ?» አሉ በሲዳምኛ፤ ሰማችሁ ወይ? ማለታቸው፤
«በሶንጎ የተቀመጡ አባቶች ይኸው ነው ወጋቸው፤
ይህ ሳይጠየቅ ማንም ወደ ፍርድ አይሄድም፤
ጆሮ ያልቀደመው ምላስ እርቅ አይወልድም።»

(በመስኮቱ ባሻገር አባ ኮዳዎች ቆመዋል ተደርድረው፤
እነሱም ጉባኤ ይመስላሉ፤ አጀንዳቸው የዓሣ አንጀት ነው።)

ትርሲት ከፓርኩ መጣች፣ የሌት ፈረቃ ሠርታ፣
የክር ቁራጭ ሹራቧ ላይ፣ እንቅልፏን ለእኛ ትታ፤
«በቀን ስንት ኮሌታ እንደሰፋሁ ይቆጠራል፤
ስንት ሐሳብ እንዳለኝ ግን ማን ጠይቆኝ ያውቃል?
ዳውሮ ነኝ፤ የዚህ ቀበሌ መታወቂያ የለኝም።
እዚህ ለመናገር መታወቂያ ያስፈልጋል? ወይስ አያስፈልግም?»
ማንም አልመለሰም። እኔም ጥያቄውን ጻፍኩት፤
መልሱ ለሚመጣበት ሁለት መስመር ክፍት ተውኩት።

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። «በሉ እንግዲህ መሽቷል፤
ጥሩ ተወያይተናል፤ ተስማምተናል ይባል።»
እጄ ልማደኛ ናት፤ «ተስ...» ብላ ሳትጨርስ
ከድጃ «ቆይ!» አለች፤ ድምፅዋ፣ እንደ ቢላዋ፣ መረብ የሚበጥስ።
«ማን ነው የተስማማው? እኔ ለአንጁሎ ገና መልስ አለኝ፤
ልጄ በዚያ ሌሊት ያለጥፋቱ ሲታሰር ማን ጠየቀኝ?
ይህቺ ልጅ ያለችውስ? ዝም ተብሎ ታለፈ!
እኔ አሞራ ገደል ላይ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ሆዱ ሳይከፈት
ትኩስ ነው ብዬ አንድ ቆሮሶ አልሸጥኩም፣ ለአንድም ቤት።
ጻፍ፦ አልተስማማንም።
ጻፍ፦ ማንም ማንንም አልመታም።
ጻፍ፦ ቅዳሜ እንመጣለን።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ፤ እኔ ወደ እስክሪብቶዬ።
ሰረዝኩ። የመጀመሪያ ስርዝ ነው፣ በመዝገቤም በዕድሜዬ።
«ተስ» የምትለዋ ግን ከሥር ታስታውቃለች፤
ጨርሰኝ ሳትል፣ አጥፋኝ ሳትል፣ ቁጭ ብላለች።

ወንበር ስንመልስ፣ ዝናብ ያስገባው ልጅ አልሄደም፤
አራት አራት ይደራርባል፣ ቀና ብሎ ማንንም አያይም።
ዝናቡ ካባራ ቆየ።
ጠረጴዛው ዘንድ ሲደርስ
አንጁሎ የረሳውን፣ ወይ የተወውን፣ ቁልፍ አየ።
አልነካውም። «ቅዳሜ፣» አለኝ፣ «ስንት ሰዓት ነው?»
«ዘጠኝ ተኩል፣» አልኩት። «ስምህንስ ማን ልበለው?»

«እሱን... ቅዳሜ፣» አለ።