ካፍ ከወጣ

ቫልዲቪያ፣ ሐምሌ። ዝናብ ከመስኮቱ ጋር ያወራል፣
የባሕር አንበሳ ከወንዙ ዳር፣ ከአሣ ገበያው ያጓራል።
ዶን ኤልዮዶሮ፣ አሣ ሻጩ፣ በቀጠሯቸው መጡ፤
ካፖርታቸው ላይ ቅርፊት፣ ወሬ ጀመሩ ገና ሳይቀመጡ።
«መጀመሪያ» አልኋቸው፣ «በዚህ ይጉመጥመጡ፣
ስልሳ ይቁጠሩ፣ አይዋጡ።»
ስልሳ ቆጠሩ በጣታቸው፣
ጉንጫቸው አብጦ፣ ወሬው ታፍኖ ባፋቸው።

ይህን ሕግ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤
ተምሬውስ ነበር፣ ዳሩ አላመንሁትም።
ያመንሁት አምና ነው፣ ማዕበል ሽቦ በጥሶ
መብራት ድንገት የጠፋ ዕለት፣ መሣሪያው በእጄ አልቅሶ
ዝም ሲል።
የስልኬን ባትሪ አበራሁ፣
ከታካሚዋ አፍ እስከ ጣሪያው አየሁ፦
ጉም።
እንደ ወንዙ የንጋት ጉም፣ የማይወርድ፣ የማይሄድ፣
በብርሃኑ ስንጥቅ ውስጥ ቀስ እያለ የሚራመድ፤
ውሃ ነው፣ ምራቅ ነው፣ ደም ነው፣ የድድ ውስጥ ነዋሪ፣
ያለ ክንፍ በራሪ።
ስንት ዓመት እዚህ ቆሜ «የሚቀጥለው ይግባ» ስል፣
የአንዱን ትንፋሽ ለሌላው ሳቀብል!

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፣ ስለ ቃል፤
ቃልስ ይሻላል፣
ሰሚ ካጣ ይሞታል።
ይሄ ግን ከወንበሩ በላይ ተንሳፎ ተረኛ ይጠብቃል።

አሁን ሁለት ቱቦ እይዛለሁ፤ ቀጭኑ ለምራቁ፣
ወፍራሙ፣ አፈ ሰፊው፣ ለጉሙ፣ ለደቃቁ፤
ከጥርሱ የጣት ስፋት ሳይርቅ ይምጋል፣ ይስባል፣
ጭጋጉን ገና ሳይበር ይሰበስባል።
ድንጋዩ ሲላላ በእጅ መፋቂያ እጨርሳለሁ፤
ይዘገያል፣ ክንዴን ያመኛል፣ ግን ጉም አልነዛም፣ አውቃለሁ።

መስኮቱስ? አትጠይቁኝ። ስከፍተው የማገዶ ጭስ
ከየጎረቤቱ ምድጃ ተግተልትሎ ሲደርስ፣
ስዘጋው ጉሙ ሲቀር፣ አንዱን ላስወጣ አንዱን ሳስገባ፣
ሐኪሟ ግሪሴልዳ ማጣሪያ ገዛች፣ ዋጋው ሆዷን እያባባ።
ከጥግ ቆሞ ቀን ሙሉ ያጉረመርማል፤
ያም ሆኖ ከሰው ሰው መሃል ክፍሉ ባዶ ይከርማል።
«አሥራ አምስት ደቂቃ ባዶ! ገንዘብ ነው እኮ!» ትላለች።
መልስ የለኝም። ኮሪደሩ ላይ ሚያራይ አለች፣
የወንድሟን ኩላሊት የያዘች፣
ጉንፋንን እንደ ነብር ፈርታ ከሰው ርቃ የተቀመጠች።

ዶን ኤልዮዶሮ ጭምብላቸውን አጥልቀው በሩ ላይ ቆሙ፤
ያቋረጡትን ወሬ ሳይጨርሱ መሄድ አልቻሉም፣ ደገሙ፦
«ያ የባሕር አንበሳ ከነቅርጫቱ በላብኝ!»
ሳቅሁ፤ ሳቄ ጭምብሌ ውስጥ ሞቆ ቀረብኝ።

ወንበሩን ወለወልሁ፣ ሰዓቱን አየሁ፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀራል።
ከታች፣ ከወንዙ ዳር፣ አፉን በልቅጦ አንዱ ያጓራል።