ብሎክ መቶ አሥራ አራት፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት

ሠላሳ አንድ ዓመት ትኬት ቆርጬ፣
አውቶብስ ውስጥ ቆሜ፣ ሰው አስቀምጬ፣
ይኸው በጡረታ፣ ቱሉ ዲምቱ ዳር፣
አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ አልኩ በክብር፣
ከአንድ ቴሌቪዥን፣ ከአንድ ሪሞት ጋር።
ሪሞቱ አርጅቷል፤ በላስቲክ አስሬ፣
ባትሪውን ነክሼ፣ ፀሐይ ላይ አኑሬ፣
በየጣቢያው ስዞር ዳኛ ነኝ ዛሬ።

ዜናው መልካም ነው፤ ሪባን ይቆረጣል፣
ጭብጨባ ይሰማል፣ ሌላ ሪባን ይመጣል።
እኔም ቆራጭ ነበርኩ፤ ግን ትኬት ስቆርጥ
ያጨበጨበ የለም፤ «መልስ ስጥ!» ነው፣ «ስጥ!»

የአየር ጠባይ የምትነግር ልጅ ደግሞ፣
ጣቷ መሃል ከተማ ላይ ይቀራል ቆሞ፤
እኛ ዘንድ በረዶ ቆርቆሮ ሲደበድብ
እሷ «ፀሐያማ» ትላለች፣ ያለ አንዳች ሐሳብ።

የምግብ ዝግጅቱን አልወደውም፣ በእውነት።
«ግማሽ ኪሎ ቅቤ ጣል» ይላል፣ እንደ ዘበት!
ጣል ይላል! ቀምሶም «እምም» ሳይል አላየሁም፤
ጨው የበዛበት ሰው እዚያ ቤት የለም።

ጥያቄና መልሱን ግን አደንቃለሁ፤
አንድ ቀን ከተወዳዳሪው ቀድሜ መልሻለሁ።
ፍሪጅ አሸነፍኩ፣ ሶፋ ላይ፣ ለብቻዬ፤
እስካሁን አልደረሰም ወደ ጓዳዬ።

ወደ ድራማው ልምጣ።
ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ሙዚቃው ሲጀምር፣
አስናቀች ትመጣለች ይዛ የራሷን ወንበር።
የሷን ዲሽ ንፋስ ካዞረው ዓመት አልፎታል፤
«አሠሪው» አልላትም፤ ብቻ ማየት ይሰለቻል።

ከባሕር ማዶ ነው፤ አማርኛ ያወራል።
ቁርሱ ጠረጴዛ ሙሉ፤ ማንም ሳይበላ ይነሳል።
ለታክሲ የተሰለፈ አላየሁም አንድም፤
ውሃ በፈረቃ አይመጣላቸውም።
«ታዲያ በምን ያለቅሳሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤
«ዝም በል!» ትላለች አስናቀች፤ ዝም እላለሁ።

ከሁሉም ሹክራንን ነው የምጠላት፦
የወንድሟን ውርስ በሐሰት ፊርማ የወሰደች፣
ለምራቷ መድኃኒት ብላ መርዝ የቀዳች፤
ደግሞ ያ ሳቋ፣ አንገቷን ቀልበስ
አድርጋ የምትለቀው፣ እንቅልፌን የሚያምስ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ፣ ሙዘይን ሱቅ ምስር ስገዛ፣
ያ ድምፅ ከኋላዬ፦ «ሽንኩርት ስንት ገባ? ኧረ በዛ!»
ደሜ ቀዘቀዘ። ዞርኩ።
ቀጭን ልጅ፣ ነጠላ ጫማ፣ እጇ ላይ ፌስታል፤
«እስከ ሰኞ በዱቤ» ትላለች፣ ሙዘይን ይጽፋል።
ሹክራን! በዱቤ! ያ ሁሉ ውርስ እያላት!
ስሟ ህሊና ነው፣ አልቀለድኩም፤ ሁለተኛ ፎቅ ናት፤
ድምፅ ታከራያለች፣ ቤት ትከራያለች፤
ሁለት አውቶብስ ይዛ ስቱዲዮ ትደርሳለች።
ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ «እንዴት ዋሉ?» ስትለኝ፣
አንድ ልቤ «ሻይ ብትሰጥህ እንዳትጠጣ» አለኝ።

የመጨረሻው ክፍል ማታ መብራት ጠፋ።
ከየበረንዳው «ዋይ!» የሚል ጩኸት ሰፋ።
በሞባይል ብርሃን ደረጃውን ወረድን፤
አስናቀች ከፊት፣ ልጆች ከኋላ፣ በሯን አንኳኳን።
ገርበብ አድርጋ ቆመች፣ ሻማ ይዛ፤
«መናገር አይፈቀድም፣ ፈርሜያለሁ» አለች ፈዛ።
(ይሄኛው ፊርማ የሐሰት አይደለም።)
ለመንናት።
«ሹክራን ትሞታለች» አለች። «ይኸው ነው።
እኔ ሐሙስ ዕለት ሞቻለሁ፤ ሒሳቤንም ዘግተዋል፤
ሥራ ሲኖር እንደውላለን ብለዋል።»
እልል ልትል ከፍታው የነበረውን አፏን
አስናቀች ቀስ ብላ ዘጋች፤ ሳበች ነጠላዋን።

አሁን አዲስ ድራማ ጀምሯል፤
ክፉዋ ሌላ ናት፤ ሳቋ ይቀዘቅዛል።
«የኛዋ ትሻል ነበር» እላለሁ፤ አስናቀች ዝም።
ትናንት በሁለት ሰዓት፣ ከድራማው ፊት፣
ሳሙና ሲያስተዋውቁ ያ ድምፅ መጣ በድንገት፦
«እድፍን በአንዴ ያጠፋል!»
«እሷማ ታጠፋለች!» ብላ አስናቀች ከወንበሯ ተነሳች።
ሪሞቱን ነክሼ
ድምፁን ጨመርኩ።