ፀሐዩ በሦስት ፊደል

መዝገቡ ይሸታል፦ ሻጋታ፣ ናፍጣ፣ የሰው ላብ፤
የሃያ ዓመት ስርቆት፣ በክር የታሰረ ካብ።
እኔ ነኝ ያጎረስኩት፣ ሳጅን ውባለም መኮንን፣
ለዚያ ለማይጠግብ ማሽን፣ ቃል በቃል፣ ሁሉን።

ኮማንደር ማንደፍሮ ደስ ብሎታል፤ «እንግዲህ ከአሁን ወዲህ
ሌባ ሳይነሣ እንነሣለን፤ ያሳየናል ይህ ጉደኛ ብልህ።
ካርታው ይቀላል የሚሰረቅበት፤ የኛ ፈንታ መሄድ።»
ካርታው ቀላ። ቸቸላ ቀላ፣ አውቶ ፓርኮ ቀላ፣ የቅዳሜ ገበያ መንገድ።
ዘብ የላክንበት ክስ ይበዛዋል፤ ክስ የበዛበት ይቀላል፤
የቀላበት ዘብ ይላካል፤ እንዲህ እንዲህ ይዞራል።

በመጀመሪያው ሳምንት ዘብ ወጣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፤
ቆመ፣ ቆመ፣ በረደው፤ ተመለሰ ያለ ስርቆት።
ለካ ማሽኑ ያደገው የሌላ አገር ቀን ቆጥሮ፣
የኛን ሌሊት ሰባት ከምሽት ደባልቆታል አዙሮ።
ሌባው ግን ጎንደሬ ነው፤ በጎንደር ሰዓት ያድራል፤
ዘብ ገብቶ ሲተኛ ተነሥቶ የውኃ ቆጣሪ ይፈታል።
አረምኩት። ስድስት ሰዓት ጨመርኩ። ሳቅን በዚያ ለታ።
ሁለተኛው ስሕተት ነው ያላሳቀኝ፣ እስከ ዛሬ ማታ።

ፀሐዩ የሚባል ዘበኛ አለ፣ አንገረብ ማዶ የሚያድር፣
ከብሎኬት ማምረቻው በር፣ ከአንዲት አምፖል ሥር።
ቆርቆሮ ሲንኳኳ ይደውላል። ውሻ ሲጮኽ ይደውላል።
ሽቦ ሲቆረጥ፣ የባጃጅ ጎማ ሲወልቅ፣ ያያል፤ ይናገራል።
አንዱ ተረኛ በፀሐዩ ፀ ጻፈው፣ አንዱ በጸሎቱ ጸ፣
ሌላው ሐመሩን ሐ ትቶ በሃሌታው ሀ ቀረጸ።
ፀሐዩ፣ ጸሐዩ፣ ፀሀዩ፤ ሦስት ሰው በአንድ ጋቢ፣
ሦስቱም ስርቆት ባለበት፣ ሦስቱም ሌሊት አንዣባቢ።
ማሽኑ ምን አለ? በቀዩ፦ «ቡድን ሊሆን ይችላል።
ሦስት ስም፣ አንድ ሰፈር፣ አሥራ አንድ ወንጀል። ግምቱ ዘጠና ሁለት በመቶ ይደርሳል።»

ሐሙስ ንጋት አመጡት፣ ባትሪውን እንኳ ሳያጠፋ።
«ሁለቱ ጓደኞችህስ?» ሲሉት ወደ ኋላው ዞሮ አየ፣ የቀረ ሰው እንዳይጠፋ።

ጡረተኛው ሻምበል ደርሶልኝ ወረቀት ሊያስፈርም ከደጅ ተቀምጦ ነበር፤
«ይሄን አውቀዋለሁ» አለ፣ ከአባቱ የሰማው ነገር።
«ሌባ ሻይ ይሉት ነበር፤ ለብላቴና መድኃኒት ያጠጡና፣
ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁታል፣ በሰፈር ጎዳና።
ይንገዳገዳል፣ ያሸታል፣ ያልፋል፣ ደግሞ ይመለሳል፤
የወደቀበት ደጃፍ ባለቤት፣ ሰረቀም አልሰረቀ፣ ይከፍላል።
ልጁን ማን ይጠይቃል? ሰክሯል። ገመዱን የያዘውስ?»
ሳል ያዘው፤ ዝም አለ። እኔም ገመዱን አየሁት፣ ከጣቴ እስከ ኪቦርዱ ድረስ።

ሦስቱን ስም አንድ አደረግኩ። ካርታው ትንሽ ደበዘዘ።
ቅዳሜ ተፈትቶ ወጣ፣ ዱላውን እየተመረኮዘ።
ይቅርታ ልለው ተከተልኩት እስከ ጃንተከል ዋርካ፤
«እኔ መጻፍ አልችልም» አለኝ፤ «ስሜ ሦስት ነው ለካ?»

ከዚያ ወዲህ አይደውልም፣ ቆርቆሮ ቢንኳኳ፣ ውሻ ቢጮኽም፤
ተረኛው ስልኩን ያየዋል፤ ከአንገረብ ማዶ አይጠራም።
ማሽኑ የወሩን ዘገባ አወጣ፣ ጥርት ባለ አረንጓዴ፦
«አንገረብ ማዶ፦ ሰላም።» አጨበጨቡ። ወይ ጉዴ።
ከማምረቻው ግን ስምንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደጠፋ ሰማሁ፣ በባጃጅ ውስጥ ወሬ፤
አሮጌውን መዝገብ ከፈትኩ፤ በእጄ ጻፍኩት፦ ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ ዛሬ።