ኤል ወይስ ላ

መጀመሪያ ኳስ ነው ያመጣኝ፣ አልዋሽም፤
«ላ ሊጋ» ስል ኖሬ «ላ»ን ግን አላውቅም።
ከአጂፕ ጭኛቸው፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
ስለ «ኤል ክላሲኮ» ጉራዬን ስነፋ፣
ጋሽ ሙዘይን ሳቁ፣ ከኋላ ተቀምጠው፤
«ሊጋዋ ሴት ናት» አሉ፣ «ክላሲኮው ወንድ ነው፤
ይህን ሳታውቅ ነው ጉሮሮህ የነቃው?»

ልጅ ሳሉ መርከብ ኩባ የወሰዳቸው፣
ሸንኮራ መሃል ጢም ያበቀሉ ናቸው።
አሁን ሄርማታ ላይ ሰዓት ይጠግናሉ፤
ማታ ማታ ደግሞ እኛን ያስተምራሉ፣
አሮጌ የበር ሳንቃ ጥላሸት ቀብተው።
አራት ነን። ወንበሩ ሦስት እግር በርጩማ ነው።

«አማርኛ» አሉን፣ «ጅራት ላይ ያስራል፤
በሬው፣ ላሟ ብሎ ኋላ ይወስናል።
ያኛው ግን ዘበኛ ደጅ ላይ አቁሟል፤
ለወንዱ ‹ኤል› ብሎ፣ ለሴት ‹ላ› ይላል።»
ኤል ሊብሮ፣ መጽሐፉ። ላ ሜሳ፣ ጠረጴዛዋ።
ኡን እና ኡና ደግሞ ገና ያልለየነው፣
ደጅ የቆመ እንግዳ፣ «አንድ ሰው» የምንለው።

በ«ኦ» ካለቀ ወንድ፣ በ«አ» ካለቀ ሴት፤
ቀላል መስሎኝ ነበር እስከ ረቡዕ ዕለት።
ረቡዕ «ላ ማኖ» መጣች፣ እጅ ማለት፤
ጅራቷ የወንድ፣ እሷ ራሷ ሴት።
መሪ የጨበጠ፣ ግሪስ የጠገበ
እጄን አየሁት።
እጄን አየኋት።

«ኤል ሶል» ሲሉን ግን ጠብ ተነሣ።
ነርሷ ሸምሲያ፣ ስሟ ራሱ ፀሐይ የሆነው፣
«ፀሐይ ወጣች እንጂ ወጣ ይባላል?
እኔስ ታዲያ ከዛሬ ወዲህ ማን ልባል?»
ጋሽ ሙዘይን ጠመኔያቸውን አሽከረከሩ፤
«እዚያ ሲወጣ ጢም አለው፤ አይቼዋለሁ» አሉ።

ብዙ ቁጥሩ ደግሞ አድካሚ ነው።
እኛ «ሦስት በርጩማ» ብለን እናልፋለን፤
ቁጥሩ ከተናገረ ስሙ ለምን ይድከም?
እነሱ ዘንድ አንዱ ሲበዛ ሁሉም ይበዛል፤
ሎስ ሊብሮስ ሮሆስ፣ ቀያዮቹ መጻሕፍት፣
ዘበኛው «ስ»፣ ስሙ «ስ»፣ ቀለሙም «ስ»፤
ለቅሶ ቤት ነው፣ ሁሉም ጥቁር ለባሽ።
በተነባቢ ላለቀ «ኤስ» ይሰጡታል፤
ፍሎር፣ ፍሎሬስ፤ አበባ፣ አበቦች።

አንድ ማታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ነጂብ እጁን አወጣ፤
«ወንድና ሴት ከተቀላቀሉስ?»
ጠመኔው ቆመ።
«ሎስ» አሉ። «መቶ ሴቶች መሃል
አንድ ጎረምሳ ቢገባ፣ ሎስ።»
ሸምሲያ ከንፈሯን መጠጠች።

እሳቸው ከደረት ኪሳቸው ወረቀት አወጡ፤
በአራት የታጠፈ፣ እጥፋቱ የሳሳ።
«ከተመለስኩ በዓመቱ የደረሰኝ ነው።
መንታ ተወልዷል።
ስማቸውን ጣራ ያፈሰሰው ውኃ በላው፤
ከዚያ በኋላ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም።
የተረፈችኝ ይህች ናት፣ ሎስ ኒኞስ፣ ልጆቹ።»
መነጽራቸውን አወለቁ።
«ላስ ኒኛስ ቢል፣ ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ በቃ።
ሎስ ስላለ ቢያንስ አንድ ወንድ አለኝ።
ሰዋስው የነገረኝ እሱን ብቻ ነው።
ሌላው ...»
ዝም አሉ።
«ሌላዋ ...»
አማርኛም እዚህ ላይ አላገዛቸውም።

ወደ ጅሬን ዳገቱን ስንወጣ
ባጃጇ አቃሰተች፤ እሷ እላታለሁ፣ እንደ ወትሮዬ።
ሂሳብ ሲያወጡ እጃቸውን መለስኩት።
«ግራሲያስ» አሉኝ፤ ወርደው ጥቂት ተራመዱና
በዝናቡ ውስጥ ዞረው፣
«ሴት ናት፣ ምስጋና» አሉ።
«ሁልጊዜም ብዙ።»