እንዳትለቀው

ከኮምቦልቻ ደሴ ሐረጎን ስወጣ፣
መሪው እጄን ይዞ አልለቅም አለ፤
ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ላብ የጠጣ፣
ሐሩር ያቀለጠው፣ ሬንጅ የመሰለ።
ግንባሬን ብጠርገው ጥቁር መስመር ቀረ፣
«ጋሼ፣ ግንባር ላይ ነው ኩል የሚኳል?» ብሎ
አንዋር ሳቅ ጀመረ።

ሎሚ አሸሁት። ኦሞ። ነጭ ጋዝ በጨርቅ።
አንዱ «አልኮል» ይለኛል፣ አንዱ «አመድ» አለ፤
ጥቁሩ ይለቃል፣ ግን አያልቅ፣ አያልቅ፤
ሦስት ካናቴራ ሞተ፣ መሪው ግን እንዳለ።

ኋላ ከግራ በኩል ቆሻሻው ሲገፈፍ፣
ጎድጎድ ያለ ነገር ጣቴን ሲያሳርፍ፣
አየሁ፦ የአውራ ጣት ማደሪያ።
የእኔ ጣት አይደለም፤ የይመር ሙሄ ነው፣
ዓይኑ ሲደክም ጊዜ ቁልፉን የሰጠኝ ሰው፤
«መሪው ይጣበቃል፣ ብቻ እንዳትለቀው»
ሲለኝ፣
ቀልድ መስሎኝ፣
ለሙጫው ሁለት ሺህ ብር አስቀነስኩት።

ሙጋድ ያለው ሰፊ ቆዳውን ለካና፣
«ከግራ በኩል ተወው» ብለው ቆመና፣
«መሪ እኮ ነው ወንድም፣ ቁምጣ ነው እንዴ?» አለኝ፤
እያጉረመረመ ግማሹን ሰፋልኝ።

ማታ ስመለስ ጉም ሐረጎን ውጦታል፣
መብራቴ ካፍንጫው ሳያልፍ ይመለሳል።
አንዋር ፀጥ ብሏል።
አውራ ጣቴ ብቻ ከጎድጓዳው ገብቶ፣
የመጪውን ጥምዝ ከዓይኔ አስቀድሞ አይቶ
ይዞራል።
መሪው አሁንም ትንሽ እጄ ላይ ይጣበቃል።
አልለቀቅኩትም።